ቁጣን በኑዛዜ መጻፍ

በካምፓላ ማኪንዴ ወይም ንቲንዳ ሰፈር አጥር አጥሩን ይዞ የሚሄድ ሰው ብዙ ሳይርቅ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ነገር ይገጥመዋል፤ «ይህ መሬት አይሸጥም»። አንዳንዱ በእንግሊዝኛ ነው፣ አንዳንዱ በሉጋንዳ። ፊደሉ የተንጋደደ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ወደ ታች የፈሰሰ። ለከተማው እንግዳ የሆነ ሰው ግራ ይገባዋል። የማይሸጥ ነገር ምን ማስታወቂያ ያስፈልገዋል? የካምፓላ ሰው ግን አይጠይቅም። የሰው መሬት በሐሰት ካርታ የሚቸበችቡ ደላሎች እንዳሉ ያውቃል። ጽሑፉ ለእነሱ ብቻ እንዳልተጻፈም ያውቃል። ብዙ ጊዜ የተጻፈው ለወንድም ነው፤ አባት በተቀበረ ማግስት ገዢ ይዞ ለሚመጣው ወንድም።

አባትየው በሕይወት ሳለ ግድግዳው ላይ ምንም አልነበረም።

በዚህች ከተማ አንድ አባት ምን ያህል መሬት እንዳለው፣ ስንት ልጅ እንደወለደና ለየትኛው ምን እንዳሰበ ሳይናገር ሊሞት ይችላል። የልጆቹ ቁጥር ነገር ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ አይደለም። ቀብር ላይ ማንም አይቷቸው የማያውቅ ልጆች ከነእናታቸው ብቅ ማለታቸው ካምፓላ ውስጥ ሰው የሚገረምበት ነገር መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። በ2023 (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) የዲኤንኤ ምርመራ የከተማው ወሬ ሁሉ ሆኖ ነበር። አባቶች የልጆቻቸውን ናሙና ይዘው ዋንዴጌያ ወዳለው የመንግሥት ላቦራቶሪ ጎረፉ፤ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴርም ሕዝቡ ከሐሰተኛ ውጤት እንዲጠነቀቅ እስከ ማሳሰብ ደረሰ። ያ ሁሉ ግርግር አባትነትን ብቻ የሚመለከት አልነበረም። ከጀርባው ያለው ጥያቄ «ነገ ማን ይወርሳል?» የሚል ነው።

የኡጋንዳ የውርስ ሕግ ለዚህ ጥያቄ ያለው መልስ ረጅም ታሪክ አለው። መሠረቱን እንግሊዞች በ1906 ጣሉት። በኢዲ አሚን ዘመን፣ በ1972 በወጣ አዋጅ፣ ኑዛዜ ሳይተው የሞተ ሰው ንብረት በመቶኛ እንዲከፋፈል ተደረገ። በ2007 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ሴቶችን ከወንዶች አሳንሰው የሚያዩ በርካታ አንቀጾችን ሻረ። ከዚያ በኋላ ግን ምክር ቤቱ የተሻረውን ቦታ በአዲስ ሕግ ለመሙላት 15 ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። በ2022 የወጣው ማሻሻያ አሁን የሚሠራበት ነው። በዚህ መሠረት ኑዛዜ ሳይተው ከሞተ ሰው ሀብት 75 በመቶው ለልጆቹ፣ 20 በመቶው ለትዳር ጓደኛው፣ 4 በመቶው በእሱ ይጦሩ ለነበሩ ዘመዶች፣ 1 በመቶው ደግሞ ለባህላዊው ወራሽ ይደርሳል። ቤተሰቡ የሚኖርበት ቤት ከዚህ ስሌት ውጪ ነው፤ ባል የሞተባትን ሴት ከዚያ ቤት ማባረርም ወንጀል ሆኗል። ልጅ በጋብቻ ተወለደ አልተወለደ ለውጥ የለውም።

የዚያች የ1 በመቶ ነገር ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ካምፓላ ባለችበት በቡጋንዳ ንጉሣዊ ግዛት ባህል ሰው ከሞተ በኋላ «ኦክዋብያ ኦሉምቤ» የሚባል ትልቅ ሥርዓት ይደረጋል፤ በእኛ ተዝካር እንደማለት ነው፣ ግን ከተዝካር ይሰፋል። ጎሳው ይሰበሰባል፤ ልጆቹ ሁሉ ይቆጠራሉ። «ኦሙሲካ» የሚባለው ወራሽ ከዛፍ ቅርፊት ተቀጥቅጦ የተሠራ ልብስ ትከሻው ላይ ተቋጥሮለት፣ ጦር በእጁ ጨብጦ፣ «ሉቡጋ» የምትባል እህት ከጎኑ ቆማ በሕዝብ ፊት ይሾማል። ሽማግሌዎች ይመክሩታል፤ «ቤቱን ጠብቅ፣ መቃብሩን ጠብቅ፣ ወንድሞችህን ሰብስብ» ይሉታል። ኃላፊነቱ ይህ ነው። ነገር ግን በብዙ ሰው ልብ ጦሩን የጨበጠው ልጅ የአባቱን ሀብት ሁሉ የጨበጠ ነው፤ እሱም ራሱ እንደዚያ ያስባል። ሕጉ ለባህላዊ ወራሽነቱ መቶ ሚሊዮን ሺሊንግ ከሚያወጣ ንብረት አንድ ሚሊዮኑን ሲሰጠው፣ እሱ ከሥርዓቱ ማግስት መሬቱን ለመሸጥ ደላላ ይጠራል። እህቶቹ ቀለምና ብሩሽ ገዝተው ወደ አጥሩ ይሮጣሉ።

ኑዛዜ በሌለበት ቤተሰቡ የሚያልፍበት መንገድም ቀላል አይደለም። ከሰፈሩ የአካባቢ ምክር ቤት ሊቀመንበር ደብዳቤ ይጻፋል፤ የእኛ ቀበሌ እንደሚጽፈው ያለ ነው። የሞት የምስክር ወረቀት ይወጣል። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ንብረቱን ማን ያስተዳድር የሚለውን ተስማምቶ ቃለ ጉባኤ ይይዛል። ከዚያ ሟች የተዋቸውን ንብረቶች ወደሚከታተለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሄዶ «ተቃውሞ የለኝም» የሚል ማረጋገጫ ይቀበላል። ማረጋገጫው ሲገኝ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ይወጣል፤ ተቃዋሚ ይጠበቃል። አንድ የተኳረፈ ልጅ ከእነዚህ ደረጃዎች በአንዱ ላይ እጁን ካነሳ ሁሉም ነገር ይቆማል። የ2022ቱ ማሻሻያ የአስተዳዳሪውን ሥልጣን በሁለት ዓመት ገድቦታል። ከዚያ በፊት የአባታቸውን ንብረት ሃያ ዓመት «እያስተዳደሩ» ሳያከፋፍሉ የኖሩ ታላላቅ ወንድሞች ነበሩና ገደቡ ተገቢ ነው።

እንግዲህ ጠበቆች «ኑዛዜ ጻፉ» ማለታቸው ትክክል ነው። በኡጋንዳ 18 ዓመት የሞላው፣ አእምሮው የተስተካከለ ሰው በሁለት ምስክር ፊት ፈርሞ ሀብቱን ለፈለገው መስጠት ይችላል። እዚህ ላይ ግን አንድ ሌላ ነገር ይመጣል፤ ኑዛዜ የመስጠት መብት የመንፈግ መብትም ነው።

ልጁን ከውርስ መንቀል የሚፈልግ አባት ሁልጊዜ ጨካኝ አይደለም። ካርታውን ሰርቆ አራጣ አበዳሪ ዘንድ ያስያዘ ልጅ አለ። እናቱን የመታ አለ። አባቱ ሦስት ጊዜ ሱቅ ከፍቶለት ሦስቱንም ጠጥቶ የጨረሰ አለ። በተቃራኒው ደግሞ ያልተፈቀደላትን ሰው አገባች ተብላ፣ ወይም ሃይማኖቷን ለወጠች ተብላ የተነቀለች ልጅ አለች። የኡጋንዳ ሕግ በሁለቱ መካከል ብዙም አይለይም። ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ፣ ለትዳር ጓደኛና በሟች ይጦር ለነበረ ሰው ኑዛዜው በቂ ነገር ካልተወላቸው ፍርድ ቤት ከንብረቱ ሊቆርጥላቸው ይችላል። ራሱን የቻለ የሠላሳ አምስት ዓመት ልጅ ግን «አባቴ ረሳኝ» ብሎ ቢከስ እጁ ላይ ብዙ ማስረጃ የለውም። ስሙ ኑዛዜው ውስጥ ባይኖር፣ ለምን እንደሌለ የመንገር ግዴታ አባቱ አልነበረበትም።

ይህ ዓይነቱ ሕግ የመጣው ከእንግሊዝ ነው፤ በመነሻው ምድርም ራስ ምታት ሆኖ ያውቃል። በ17 ዓመቷ ከቤት ኮብልላ ያገባች ልጇን ፈጽሞ ይቅር ያላለች አንዲት እንግሊዛዊት እናት በ2004 ስትሞት 486,000 ፓውንድ ገደማ ሀብቷን ለእንስሳት ደኅንነት ድርጅቶች አወረሰች። ልጅቷ አምስት ልጆች ያሳደገች፣ ኑሮዋ በመንግሥት ድጎማ ላይ የተመሠረተ ሴት ነበረች። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት 50,000 ፓውንድ ሰጣት፤ ይግባኙ ወደ 143,000 አሳደገው፤ በ2017 የመጨረሻው ፍርድ ቤት መልሶ 50,000 አደረገው። ከእናትየዋ ሞት እስከ መጨረሻው ፍርድ 13 ዓመት መሆኑ ነው። ውሻና ወፍ የሚጠብቁ ድርጅቶች ከአንዲት ሴት ጋር ለዓመታት ተካሰሱ።

የኢትዮጵያ የ1960 የፍትሐ ብሔር ሕግ በዚህ ነገር ከኡጋንዳው ይሻላል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ልጅን ከውርስ መንቀል ይፈቅዳል፤ ግን ተናዛዡ ምክንያቱን በኑዛዜው ላይ እንዲጽፍ ያስገድደዋል። ምክንያት ያልተጻፈበት ንቀላ ዋጋ የለውም። የተጻፈው ምክንያት ልጅን ለመንቀል የሚበቃ መሆን አለመሆኑን ደግሞ ፍርድ ቤት ይመዝነዋል። ፈረንሳዮች ከዚህም አልፈው ይሄዳሉ። እዚያ አንድ ልጅ ያለው ሰው ከሀብቱ ግማሹን፣ ሁለት ያሉት ሁለት ሦስተኛውን፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ያሉት ሦስት አራተኛውን ከልጆቹ መንጠቅ አይችልም። በእስልምና ሕግም ሰው በኑዛዜ ለፈለገው የሚሰጠው ከሀብቱ አንድ ሦስተኛውን ብቻ ነው፤ የቀረው ድርሻው ተቆርጦ የተቀመጠ ነው። የኢትዮጵያው ሕግ መካከለኛ መንገድ ያዘ። ንቀል ይላል፣ ግን ለምን እንደነቀልክ ተናገር።

«የቤት ገመና በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ለምን ይጻፋል?» የሚል አይጠፋም። ስጋቱ ይገባል። አንድ አባት «ልጄ ሌባ ነው» ብሎ በጽሑፍ ማስቀመጡ ልጁን ብቻ ሳይሆን የልጅ ልጆቹንም ያሳፍራል። ነገር ግን ያልተጻፈ ምክንያት አይጠፋም፤ ሌሎች ይጽፉለታል። የተነቀለው ልጅ «እንጀራ እናቴ አሳሳተችው» ይላል፤ ወይም «አባቴ ሲፈርም አእምሮው ትክክል አልነበረም» ይላል። ይህ ሁለተኛው ክስ ኑዛዜ ለማስፈረስ ዋነኛው በር ነው። ምክንያቱ በአባትየው ቃል በግልጽ ቢቀመጥ ቢያንስ የሚያስበውን የሚያውቅ ሰው እንደጻፈው ይታያል። የኡጋንዳ ምክር ቤት ሕጉን ዳግም ሲነካው ከአዲስ አበባ ሊበደረው የሚገባ አንቀጽ ይህ ነው። ሳይጻፍ በፊት ቢነገር ደግሞ ይበልጥ ይመረጣል። ልጁ በሕይወት ካለ አባቱ አፍ የሰማውን ከሞተ አባቱ ወረቀት ከሚያነበው ይልቅ ይቀበለዋል፤ ባይቀበለውም እንኳ መልስ የመስጠት፣ ይቅርታ የመጠየቅ ዕድል ያገኛል።

የሚገርመው ቡጋንዳ ራሷ የዚህ ዓይነት ንግግር ምሳሌ አላት። በጥንቱ ሥርዓት የንጉሡ የበኩር ልጅ «ኪዌዋ» ይባላል፤ መንገሥ አይፈቀድለትም። ይህ ለውጪ ሰው ጭካኔ ይመስላል፤ ለቤተ መንግሥቱ ግን ከልደት ጀምሮ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነበር። ከቀሩት መሳፍንት መካከል ማን ይነግሣል የሚለው ግን ክፍት ስለነበር ደም ሲያፋስስ ኖሯል። የቡጋንዳ ንጉሥ (ካባካ) ሙቴሳ 2ኛ በ1966 ከኡጋንዳው መሪ ከኦቦቴ ጦር ሸሽቶ ወደ ለንደን ሲሰደድ፣ በዚያው ዓመት የ11 ዓመት ልጁን ሙቴቢን አልጋ ወራሽ አድርጎ ሰየመው። ንጉሡ በ1969 በስደት ሞተ። መንግሥቱም ፈርሶ ነበር። በ1971 አስከሬኑ ተመልሶ በነገሥታቱ መካነ መቃብር በካሱቢ ሲቀበር ልጁ ወራሽነቱ በሥርዓቱ ተፈጸመለት። በሐምሌ 1993 ንግሥናው ሲመለስ «ማን ይሁን?» የሚል ክርክር አልነበረም። ከ27 ዓመት በፊት የተነገረ ቃል መንግሥት ፈርሶ ሲቆም ሳይፈርስ ቆየ።

መናገር ብቻውን ሁሉን ይፈታል ማለት ግን አይደለም። ኢትዮጵያዊ አንባቢ አጼ ምኒልክ በ1909 ልጅ ኢያሱን ወራሽ ማድረጋቸውን በአዋጅ እንዳስነገሩ፣ ቃሉን ለሚያፈርስ ሁሉ መርገም እንደታወጀበት ያስታውሳል። በ1916 ኢያሱ ሲሻር መርገሙ የከለከለው ሰው አልነበረም። የምኒልክ ቃል ከአዋጅና ከመርገም ባለፈ ሥልጣኑን ለኢያሱ በእጁ ያስጨበጠ አልነበረም፤ ወራሹ ወጣት፣ ዙሪያው ደግሞ መኳንንት የከበቡት ነበር።

ከጎረቤት ኬንያ የሚመጡት ታሪኮችም ቃል ወይም ወረቀት ብቻውን እንደማይበቃ ይናገራሉ። የጆሞ ኬንያታ የቅርብ ሰውና ሚኒስትር የነበረው ምቢዩ ኮይናንጌ በ1981 ሲሞት ሰፊ ርስት ትቶ ነበር፤ ሚስቶችና ልጆች የጀመሩት ክርክር ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆየ። ከሰል በመሸጥ ጀምሮ ባለሀብትና ሚኒስትር የሆነው ንጄንጋ ካሩሜ ደግሞ የኮይናንጌን ዓይነት ዕጣ ፈራ መሰል፤ ሀብቱን በባለአደራዎች እጅ አስገብቶ ልጆቹ ከዚያ እንዲጠቀሙ አደረገ። በ2012 ሞተ። ብዙ ሳይቆይ ልጆቹ ባለአደራዎቹን ከሰሱ። ወረቀቱ የተዋጣለት ነበር፤ ልጆቹ ግን ከአባታቸው ገንዘብ ለማግኘት የአባታቸውን ጓደኞች ደጅ መጥናት ሊዋጥላቸው አልቻለም።

ከዚህ ሁሉ የተለየው የካምፓላው ጄምስ ሙልዋና ነው። የኡጋንዳ ባትሪ፣ የፕላስቲክና የወተት ፋብሪካዎቹ የታወቁ ናቸው። በጥር 2013 ሲሞት ልጁ ባርባራ ሙልዋና አሜሪካ ተምራ ከተመለሰች በኋላ ለዓመታት በአባቷ ፋብሪካ ስትሠራ፣ የፕላስቲኩን ድርጅት ስትመራ ቆይታ ነበር። ሠራተኛው ያውቃታል፤ ባንኩ ያውቃታል። በኋላም የኡጋንዳ አምራቾች ማኅበርን መርታለች። አሮጌው ሕግ እኩል ዝምድና ባላቸው መካከል ለወንዱ ያደላ በነበረበት አገር ሥራው በሴት ልጅ እጅ ያለ ግርግር መቀጠሉ ያለ ምክንያት አልሆነም። አባትየው ውርሱን ለሞቱ ቀን አላስቀመጠውም።

ተራው ሰው ፋብሪካ የለውም፤ ሃምሳ እግር በመቶ እግር የሆነ ቁራሽ መሬት ይኖረዋል። ግን በሙልዋና መንገድ መሄድ ለእሱም ይቻላል። በካምፓላ አካባቢ አባቶች እሁድ ከምሳ በኋላ ወንዱን ልጅ ይዘው ወደ ጓሮ ይወጡና በከዘራ እያመለከቱ «ከዚያች ጃክፍሩት ዛፍ እስከ አጥሩ ድረስ የአንተ ናት» ይላሉ። ልጁ ቤት ይሠራበታል። ካርታው ግን በአባቱ ስም እንዳለ ይቀመጣል። አባት ሲሞት ዛፉን የቆረጠ ወንድም ይመጣና «የቱ ጋ ነው ድንበሩ?» ይላል። የሰጠ አባት ካርታውን ከፍሎ ያዙር። በ1998 የወጣው የመሬት ሕግና ማሻሻያው ቤተሰቡ የሚኖርበትንና የሚተዳደርበትን መሬት ያለ ትዳር ጓደኛ ፈቃድ ማስተላለፍ ስለሚከለክል ሚስትም በዚያው ቀን ትፈርማለች፤ ነገ «አላወቅሁም» የሚል አይኖርም። ሊነቀል የታሰበው ልጅም ያን ቀን ይቀመጥና ይስማ።

ካምፓላ ውስጥ በካባላጋላ ሰፈር አካባቢ ለሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ጉዳዩ አንድ እጥፍ ይጨምራል። ምግብ ቤት ካምፓላ፣ ቤት አዲስ አበባ፣ ልጆች ደግሞ ካናዳ ያሏቸው ጥቂት አይደሉም። የኡጋንዳ ዜግነት የሌለው ሰው እዚያ መሬት የሚይዘው በሊዝ፣ ቢበዛ ለ99 ዓመት ነው፤ ስለዚህ ለልጁ የሚያወርሰው የቀረውን ዘመን ብቻ ነው። ኡጋንዳ ውስጥ ያለ የማይንቀሳቀስ ንብረት በኡጋንዳ ሕግ ይወረሳል፤ የባንክ ገንዘቡና መኪናው ግን ሟቹ ቋሚ መኖሪያው የት ነበር በሚለው ይወሰናል። ሁለቱ አገሮች ኑዛዜን የሚያዩበት ዓይንም አንድ አይደለም። ለካምፓላ ሁለት ምስክር ይበቃል። በኢትዮጵያ ሕግ ግን በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተለመደው አኳኋን አራት ምስክር ይፈልጋል፤ በተናዛዡና በምስክሮቹ ፊት መነበቡና ቀኑም በራሱ በሰነዱ ላይ መጻፍ አለበት። አዲስ አበባ ውስጥ መነበቡን በምትገልጸው በአንዲት ዓረፍተ ነገር ጉድለት ኑዛዜ ሊፈርስ ይችላል።

ስለዚህ በሁለቱም ከተማ ንብረት ያለው ሰው ለጥብቁ ሕግ ቢዘጋጅ ይሻለዋል። አራት ምስክር ይጥራ፤ ያስነብብ፤ መነበቡን ይጻፍ፤ የሚነቅለው ልጅ ካለ ምክንያቱን በራሱ ቃል ያስፍር። ለምስክርነት ደግሞ ከውርሱ አንዳች የማይደርሰውን ሰው ይምረጥ፤ በኡጋንዳ ሕግ ኑዛዜው ላይ በምስክርነት የፈረመ ሰው፣ ወይም የትዳር ጓደኛው፣ የተናዘዘለትን ስጦታ ያጣል።